የላባ እጅ

ሐኪሙን ይቅር አላልኩትም። ይሄን ታሪክ የሰማ ሰው ሁሉ በመጨረሻ ታረቃችሁ ወይ ይለኛል፤ አልታረቅንም። እኔ የዓይን ክሊኒኩ ካርድ ክፍል ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጫለሁ፣ ከመስኮቴ ሆኜ ስንቱን ታዝቤያለሁ፣ እንደሱ ያለ ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ግን አልገጠመኝም። ለማንኛውም የማወራችሁ ስለ ጓደኛዬ ነው፤ እሱ የገባው በግድ ነው።

ጓደኛዬ ኦፕቶሜትሪስት ናት። ዓይን ትመረምራለች፣ መነጽር ታዛለች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዓይን ሞራ ያለበት ሰው ቀዶ ክፍል ከመግባቱ በፊት ዓይኑን ትለካለች። ሞራው ሲወጣ በቦታው ትንሽ ሌንስ ይገባል፤ ያ ሌንስ ስንት ቁጥር መሆን እንዳለበት የምትወስነው እሷ ናት። ሐኪሙ ይከፍታል፣ ያወጣል፣ ይተክላል፤ ቁጥሩ ግን የሷ ነው። ቁጥሩ ከተሳሳተ የፈለገ እጀ ወርቅ ሐኪም ቢሆን ሰውየው አጥርቶ አያይም።

አለካኩ እንዲህ ነው። የሚያደነዝዝ ጠብታ ታደርጋለች፣ እስክሪብቶ የሚያክል መለኪያ ይዛ ጫፉን ዓይኑ ላይ ታስነካለች፣ መሣሪያው ጢጥ ይልና የዓይኑን ርዝመት ይነግራታል። ማስነካት ነው እንጂ መጫን የለም። እሷ ስትለካ በሽተኛው "ጀመርሽ እንዴ?" ብሎ ይጠይቃል፤ እሷ ጨርሳለች። ለዚህ ነው ላባ ያልናት። በስሟ የሚጠሯት እናቷና የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ናቸው።

አባቷ የእጅ ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ። ልጅ ሆና ከጎናቸው ተቀምጣ፣ ለዓይን የማትሞላ ብሎን በወረንጦ እያነሳች ቦታዋ ላይ ታስቀምጥላቸው ነበር። "አትጫኚ፣ ሲገባ ራሱ ይነግርሻል" ይሏት ነበር አሉ። እጇን ያገኘችው ከሳቸው ነው። እኛ ጋ ስትቀጠር ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሰው ፊት መብላት የምታፍር ልጅ ነበረች። እኔ ደግሞ ዝምታ ያሳክከኛል፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ አስለፈለፍኳት።

ያኔ የነበሩት ሽማግሌ ሐኪም አንድ ደንብ ነበራቸው። በቀዶ ሕክምና ቀን ላባ ቀዶ ክፍል ትገባለች፣ ተሸፍኖ ከተኛው በሽተኛ እግር ሥር ትቆማለች፣ ስሙን ትጠይቀዋለች፣ ከወረቀቷ ላይ የሌንሱን ቁጥር ጮክ ብላ ታነባለች። ሐኪሙም ጮክ ብለው ይደግሙታል። የሌንሱ ካርቶን የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ሽማግሌው ጡረታ ወጡና ይሄኛው መጣ። እጁ ፈጣን ነው፣ እሱን አልክድም፤ ሽማግሌው አራት ሰው በሚሠሩበት ጊዜ እሱ ዘጠኝ ይሠራል። በመጣ በሦስተኛው ወር ላባን በር ላይ አስቁሞ፣ ቀዶ ክፍል መነጽር ቤት አይደለም፣ ወረቀቱን መላክ ይበቃል አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌንሶቹ በዝርዝሩ ተራ ጠረጴዛ ላይ ይደረደሩ ጀመር። የሦስተኛው ለሦስተኛ፣ የአራተኛው ለአራተኛ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ልብስ ሰፊውና አስተማሪዋ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ሁለቱም አረንጓዴ ጋወን ለብሰው፣ ቆብ አጥልቀው። እሱ ሦስተኛ ነው፣ እሳቸው አራተኛ። ሦስተኛው ይግባ ሲባል ልብስ ሰፊው ብድግ አለና ጎኑ ያሉትን ባልቴት አየ፤ በብርድ ይንቀጠቀጣሉ። እርስዎ ይቅደሙ እማማ አላቸው። ኧረ ተራህ ነው ልጄ፣ ኧረ በፍጹም፣ ኧረ ግድ የለም ተባብለው ተባብለው በመጨረሻ እሳቸው ገቡ። ጨዋነት ነው እንግዲህ፣ ምን ይባላል። ውስጥ ስማቸውን የጠየቀ ሰው አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ ሦስተኛ የተቀመጠው የልብስ ሰፊው ሌንስ እሳቸው ዓይን ውስጥ ገባ፣ የሳቸው ደግሞ እሱ ዓይን ውስጥ።

ልብስ ሰፊው ቅርቡም ሩቁም ጭጋግ ሆነበት። ሌላኛው ዓይኑ ከልጅነቱ የጠፋ ነው። ዕድሜ ልኩን መርፌ ውስጥ ክር ሲያስገባ የኖረ ሰው መርፌውን ማየት አቃተው። መጥቶ ኮሪደሩ ላይ አለቀሰ። ሐኪሙ በሩን ከፍቶ ወጣ፣ ሠላሳ ሰው በተቀመጠበት ላባን አስጠራ።

"ጥፋቱ የኔ ነው" አላት፤ "መነጽር ሻጭ ዓይን ትለካለች ብዬ ማመኔ።"

ክው ብላ ቀረች። እኔ ከመስኮቴ ሆኜ ቆሽቴ አረረ፤ እሷ ብትመልስለት ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልሆነ እያልኩ እስከዛሬ አስባለሁ።

ከዚያ ሪፖርት ጻፈ። የልኬት ስህተት ነው አለ። የልብስ ሰፊውን ካርድ ለሪፖርቱ እፈልገዋለሁ ብሎ ከኔ ወሰደ፣ ካርዱ አልተመለሰም፣ ካርድ ጠፋ ተብሎ ማስጠንቀቂያ የተጻፈው ግን ለኔ ነው። ላባ ለሁለት ዓመት ትምህርት ታጭታ ነበር፣ ስሟ ተሰረዘ። የራሷን መዝገብ ይዛ ሄዳ፣ ይኸው ለልብስ ሰፊው ሃያ አምስት፣ ለአስተማሪዋ ሃያ ብዬ ጽፌያለሁ ብትል፣ በኋላ ያስገባሽው ቢሆንስ አሏት። በሽተኛው ቤቱ ይዞት የሚሄድ ትንሽ ደብተር አለ፤ ከሌንሱ ካርቶን የወጣው ተለጣፊ ቁጥር እዚያ ላይ ይለጠፋል። የልብስ ሰፊው ደብተር ሃያ ይላል። ሐኪሙ ግን ሃያ ብላ የላከችው እሷ ናት አለ፣ አበቃ። መለዋወጡን የሚያሳየው የአስተማሪዋ ደብተር ብቻ ነበር። እሳቸው ደግሞ ለመነጽር ሳይመለሱ ከልጃቸው ጋር ሌላ ከተማ ሄዱ።

ላባና ሐኪሙ ሆድና ጀርባ ሆኑ። የሷን ክፍልና የሱን ክፍል የምታገናኝ ካርድ የሚቀባበሉባት ትንሽ መስኮት ነበረች። ከሱ ወገን ቁም ሳጥን አስጠጋባት፣ ከሷ ወገን እሷ የፊደል ሰሌዳውን ሰቀለችባት። ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ ግድግዳ ተለያይተው የአንድ ሰው ዓይን ሲሠሩ አንዲት ቃል አልተነጋገሩም። ወረቀት የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። የሱን ስወስድ ፊቴን ቅጭም፣ የሷን ሳደርስም ቅጭም፤ በዚህ አያያዜ ያለ ዕድሜዬ ተሸበሸብኩ።

የውጤት ደብተሩን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ አልደብቅም። የተሠራ በሽተኛ ሐኪሙ ጋ በማግሥቱና በሳምንቱ ይታያል፣ ቁስሉ ዳነ ይባላል፣ በቃ። በስድስተኛው ሳምንት ለመነጽር የሚመጣው፣ ብዙው አይመጣም እንጂ፣ ላባ ጋ ነው። ሌንሱ ልክ መሆን አለመሆኑ የሚታወቀውም ያኔ ነው። ሐኪሙ ይሄን አያይም፣ አይጠይቅም፣ እሷም አትነግረውም። "እያንዳንዱን ጻፊው" አልኳት፤ "አንድ ቀን ፊቱ ላይ ታነቢዋለሽ።" ከልብስ ሰፊውና ከአስተማሪዋ ጀምራ ጻፈችው። ቀን፣ የካርድ ቁጥር፣ የላከችው ሌንስ፣ የወጣው ውጤት። ውጤቱ ዜሮ ከሆነ ልክ ነው። አብዛኛው ዜሮ አልነበረም፣ በትንሹ ይስታል። ሩቁ ይደበዝዝባቸዋል፣ እሷ መነጽር ታዝላቸዋለች፣ እርጅና ነው ብለው ይሄዳሉ። ሥራ ልንወጣ ስንል ደብተሩን ስትዘጋ ፊቷ ላይ ፈገግታ የሚመስል ነገር ይታይ ነበር። እኔም አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ ነበር።

በስድስተኛው ዓመት አስተማሪዋ በመስኮቴ ብቅ አሉ። ለሁለተኛው ዓይናቸው ነው የመጡት። ሐኪሙን ሲመርቁት ሲመርቁት አላባራም አሉ፤ በዚህ ዕድሜዬ ያለ መነጽር መጽሐፍ አነባለሁ፣ ሩቅ ያለ ሰው አልለይም እንጂ፣ እሱ እርጅና ነው አሉኝ። የያዙትን ደብተር ገለጥኩት። ተለጣፊው ሃያ አምስት ይላል። የልብስ ሰፊው ሌንስ። ሴትዮዋን ውሃ ልጠጣ ብዬ ትቼ፣ ደብተሩን ይዤ ላባ ጋ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። የልብስ ሰፊውን ደብተር ስድስት ዓመት መሳቢያዋ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ሁለቱን ጎን ለጎን አደረገቻቸው።

ጊዜው ደግሞ ሰጠን። በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ የክሊኒኩ ቦርድ አዲስ ሜዲካል ዳይሬክተር ሊሾም ነው፣ የታጨው ሐኪሙ ብቻ ነው፣ ከሹመቱ በፊት ሠራተኛው የሚለው ካለ ይናገራል። ሁለቱ ደብተሮች አሉን። በላያቸው ላይ የስድስት መቶ አሥራ አንድ ሰው ውጤት አለን፤ አንድ ቀን የተሳሳተ ሳይሆን ሁልጊዜ የሚሳሳት ሰው ነው ልንል። ሹመቱን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም ያጣል እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ፣ በደስታ።

ረቡዕ ምሳ ሰዓት ክፍሏን ዘግተን ተቀመጥን። እኔ ውጤቱን ሳነብላት እሷ በንጹሕ ወረቀት ትገለብጣለች። ማይነስ አንድ። ማይነስ ግማሽ። ማይነስ ሦስት ሩብ። ማይነስ አንድ። አራት ገጽ እንዳነበብኩ ምላሴ ዛለ።

"ይሄ ሰውዬ ፕላስ የሚባል አያውቅም እንዴ?" ብዬ ቀለድኩ።

እስክሪብቶዋ ቆመ። "ምን አልሽ?" አለችኝ። ደገምኩላት። ደብተሩን ከእጄ ወሰደችና ከመጀመሪያው ጀምራ ገጹን በጣቷ እየወረደች ማየት ያዘች። የቀዶ ጥገና ስህተት ቢሆን አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ይስታል አለችኝ። ሁሉም ወደ አንድ ወገን አይስትም። መሀል ላይ ስትደርስ ጣቷ ቀጥ አለ። አባቷ የታመሙ ጊዜ ሦስት ወር ፈቃድ ወጥታ ነበር፣ ከሌላ ክሊኒክ የመጣ ልጅ ተክቷት ለክቷል። ሃያ ሦስት ሰው። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ፕላስ ሩብ፣ ዜሮ። የሠራቸው ያው ሐኪም ነው። ከጠቡ በፊት የተሠሩ አሥር ሰዎች ካርድ አምጪልኝ አለችኝ፣ አመጣሁ። እነሱም ዜሮ ናቸው።

"ተቀመጪ" አለችኝ። ጠብታውን አደረገችልኝና ሁልጊዜ እንደምትለካው ለካችኝ።

"ተጫንሽኝ" አልኳት።

መሣሪያው ላይ የወጣውን ጻፈች። ትንፋሿን ሰብስባ እንደገና ነካችኝ፣ አሁን አልተሰማኝም። ሌላ ቁጥር ወጣ። ዓይን ሲጫኑት ያጥራል፣ ሲያጥር መሣሪያው ከሚያስፈልገው የበለጠ ጠንካራ ሌንስ ያዛል፣ ሰውየውም ሩቁ ይደበዝዝበታል አለችኝ። በሽተኞቹ "ጀመርሽ እንዴ" ማለታቸውን ከተዉ ስንት ዓመታቸው ነው? ማናችንም ልብ አላልንም። እጇን ገልብጣ አየችው።

"ስድስት ዓመት እሱን እያሰብኩ ነው የለካሁት" አለች።

አሁን እኔ ያልኩትን ልንገራችሁ፣ አላፍርበትም። ደብተሩን እናቃጥለው አልኳት። እጅሽን ከዛሬ ጀምሮ አስተካክዪ፣ ነገ ሁለቱን ትንንሽ ደብተሮች ብቻ ይዘሽ ግቢ፣ የልብስ ሰፊው ነገር ያለ ምንም ትርፍ ነገር ይጥለዋል፣ ሌላውን ማን ያውቃል? ካንቺና ከኔ በቀር ማን ያያል?

"እሱ ያደረገው ይሄንኑ ነው" አለችኝ።

አፍንጫሽን ላሺ ብያት ወጣሁ። ስድስት ዓመት የጠበቅኩት ቀን በእጄ ላይ ሊበላሽ ነው። ካርድ ክፍል ገብቼ መሳቢያ ሳጋጭ የዓርብ ዝርዝር ፊቴ ተቀምጧል፣ የመጀመሪያው ስም የእናቴ ነው። ሰኞ ዕለት ነው ላባ የለካቻት። ሃያ ሦስት ይላል። ተመልሼ ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩና "የእማዬስ?" አልኳት። ነገ ጠዋት አምጪያት አለችኝ። ሐሙስ ማለዳ እናቴን ይዤ መጣሁ፣ ላባ ትንፋሿን ሰብስባ ነካቻት፣ እናቴም "ጀመርሽ እንዴ ልጄ?" አለቻት። ሃያ ሁለት ወጣ።

አዳራሹ ሞልቷል። የቦርዱ ሰብሳቢ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያንጠለጠሉ፣ ቶሎ የማይናደዱ ሴትዮ ናቸው። የምትሉት ካለ ሲሉ ላባ ተነሳች። ሰው ፊት መብላት የምታፍረው ልጅ ደብተሩን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ስድስት መቶ አሥራ አንድ ሰው ዘርዝሬ ይዣለሁ፣ ከሃያ ሦስቱ በቀር ሁሉንም የለካኋቸው እኔ ነኝ፣ አብዛኛዎቹ ላይ ተሳስቻለሁ አለች። እንዴት እንደሆነ አስረዳች። ዓይኑን ተጭኛለሁ አለች። ይጠሩ፣ መነጽራቸው ይስተካከል፣ ነገ የሚገቡት ሁሉ በሌላ ሰው ደግመው ይለኩ አለች። እኔ ወንበሬ ሥር መግባት ፈለግኩ።

ሐኪሙ ወንበሩን ደገፍ አለ። እጁን አወጣና ተፈቀደለት። ይሄን እኔ ከስድስት ዓመት በፊት ተናግሬያለሁ፣ ሰሚ አላገኘሁም አለ። ሰብሳቢዋ ደብተሩን አሳዩት፣ ገለጥ ገለጥ አደረገው። ደስ ብሎታል፣ ጥርሱ ሁሉ ይታያል።

"በሚገባ የተያዘ መዝገብ ነው" አለ። "የላከችው ቁጥር ሁሉ እዚህ አለ። እያንዳንዱን አምናለሁ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝልኝ።"

ተያዘለት። ላባ ቆማ ጠበቀች፣ ጸሐፊዋ ጽፋ እስክትጨርስ። ከዚያ ደብተሩን መልሳ ተቀበለችና የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠች።

"የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስህተቶች ግን የኔ አይደሉም" አለች። "ለልብስ ሰፊው ሃያ አምስት፣ ለአስተማሪዋ ሃያ ብዬ ነው የላክሁት። ዶክተር አሁን አምነውልኛል።" ሁለቱን ትንንሽ ደብተሮች ሰብሳቢዋ ፊት አስቀመጠች። አንዱ ሃያ፣ አንዱ ሃያ አምስት፣ ተገለባብጠው።

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ሁለቱን ተለጣፊዎች አዩ፣ ቀኑን አዩ፣ ያው ማክሰኞ ነው። ሐኪሙን አንድ በአንድ ጠየቁት፣ ሳይቆጡ። ሌንሱን ከመትከልህ በፊት ስማቸውን ጠይቀሃል? አላስታውስም አለ። ቀድሞ ቁጥሩ ጮክ ተብሎ ይነበብ እንደነበር ታውቃለህ? አዎ። ማን አስቀረው? እዚህ ላይ ከተደገፈበት ወንበር ቀና አለ። የልብስ ሰፊው ካርድ የት ነው ያለው? እኔ ብድግ ብዬ ማስጠንቀቂያዬን ከቦርሳዬ አወጣሁና፣ የካርዱን ነገር እኔም ስድስት ዓመት ሳስብበት ኖሬያለሁ አልኩ። ከዚያ ዓረፍተ ነገር በላይ የጣፈጠኝ ነገር በሕይወቴ የለም።

አስባበት ነው ወይ ቀድማ ያሳመነችው ብዬ ብዙ ጊዜ ጠይቄያታለሁ። አይደለም ትለኛለች። አላምናትም።

ሹመቱ ቀረ። ያላሰብነው ግን ሌላው ነው። የሷን ጥፋት የሚያልፉላት መስሎኝ ነበር፤ አላለፏትም። ለሦስት ወር የምትለካውን ሁሉ ያ የተካት ልጅ ደግሞ እንዲለካ ተወሰነባት። ከስድስት መቶ አሥራ አንዱ እሷ የለካቻቸውን ሁሉ በየተራ ራሷ እየደወለች፣ ስህተቱ የእጄ ነው እያለች ጠራቻቸው። አንዳንዱ መረቃት፣ አንዳንዱ ሰደባት፣ አርባ ሦስቱ ሞተዋል። እነሱን ከደብተሩ አልሰረዘቻቸውም። ሐኪሙ ለልብስ ሰፊው በእጁ ደብዳቤ እንዲጽፍ ታዘዘ፤ ሌንሱን የቀየርኩት እኔ ነኝ፣ ይቅርታ የሚል። ያደረስኩት እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊው ዛሬ በር ጠባቂ ነው፣ ወፍራም መነጽር ያደርጋል፣ የሐኪሙ ጽሕፈት ደቃቃ ስለሆነ ማንበብ አልቻለም። አንብቢልኝ አለኝ፣ አነበብኩለት። እንደገና አለኝ፣ እንደገና አነበብኩለት። አጥፎ ኪሱ ከተተና፣ መርፌ ግን አልተመለሰልኝም አለኝ።

ቁም ሳጥኑ ከመስኮቷ ተነሳ። ሐሙስ ሐሙስ ላባና ሐኪሙ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው የስድስተኛውን ሳምንት ውጤት አብረው ያያሉ፤ ትዕዛዝ ነው። ዓይን ለዓይን አይተያዩም፣ ወረቀቱን ነው የሚያዩት፣ ግን ያያሉ። ውጤቱ ዜሮ ዜሮ መሆን ጀምሯል። የሽማግሌው ደንብም ተመለሰ።

እናቴ ዓርብ ዕለት የመጀመሪያዋ ነበረች። ያ ልጅም ደግሞ ለክቷታል፣ ሃያ ሁለት ነው። በማግሥቱ ፋሻው ሲነሳላት ከአልጋዋ ሆና ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እስከ ሰከንዱ አነበበችልኝና አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ጨርቁ ሥር ተሸፍና ሳለ ሴትዮዋ ስሟን ጠየቀቻት፣ ከዚያ ሃያ ሁለት አለች፣ ሰውየውም ሃያ ሁለት አላት። "ተጣልተው ነው እንዴ ቁጥር የሚጠራሩት?" አለችኝ።

አዎ እማዬ፣ ተጣልተው ነው አልኳት።

ዓርብ ጠዋት አሁንም ካርድ ክፍሉን ቆልፌ ቀዶ ክፍሉ በር ላይ ሄጄ እቆማለሁ። ሥራ የለኝም እዚያ። ላባ ታነባለች፣ እሱ ይደግማል፣ ዘጠኝ ጊዜ። አንዳንዴ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ያኔ እሷ ቀስ ብላ፣ "አልሰማሁም ዶክተር" ትለዋለች፣ እሱም እንደገና ይለዋል።